የኮምፓውንድን ቶከን ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁ ማን እጅ እንዳለ እዩ

ጅማ ውስጥ ስለ ክሪፕቶ የሚያወራ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጂፕ አካባቢ ካፌ ገብቶ ጆሮን ጣል ማድረግ ይበቃል። ወሬው ሁሌም ዋጋ ነው። ወጣ፣ ወረደ፣ ግዛ፣ ሽጥ። ሰሞኑን ግን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ገቨርናንስ ቶከን ነው፣ በአንድ መድረክ ውሳኔ ላይ ድምፅ የሚያሰጥ የክሪፕቶ ሳንቲም ማለት ነው። «አክሲዮን ማለት ነው አይደል? ትርፍ ያካፍላል አይደል?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

እኔ ክሪፕቶ ነጋዴ አይደለሁም። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። በ2024 ክረምት ውጭ አገር ያለ ደንበኛ አንድ ሥራ አዘዘኝ። ኮምፓውንድ በሚባለው የዲፋይ (ያለ ባንክ በፕሮግራም የሚሠራ የገንዘብ አገልግሎት) መድረክ ላይ የሚሰጡ ድምፆችን በቀላሉ የሚያሳይ ገጽ ነው። ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ አስቀመጠልኝ። እንዲህ ነው ነገሩን ገብቼበት ያየሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለማመሳከር እንዲቀላችሁ።

ኮምፓውንድ ባጭሩ የብድር ቦታ ነው። ገንዘብ ያለው ያስቀምጣል፣ የፈለገ ይበደራል። መሃል ላይ የባንክ ሠራተኛ የለም። ሥራውን የሚሠራው ኢቴሪየም በሚባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው፣ ስማርት ኮንትራት ይሉታል። ወለዱንም የሚያወጣው ቀመር ነው። ከተቀመጠው ገንዘብ አብዛኛው በብድር ሲወጣ ወለዱ ይጨምራል። ተበዳሪ ሲጠፋ ይቀንሳል። መድረኩን በ2018 ያስጀመሩት ሮበርት ሌሽነርና ጄፍሪ ሄይስ የተባሉ አሜሪካ ያሉ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላጥራ። «ዲፋይ ያለ ማስያዣ ያበድራል» የሚል ወሬ ከተማችን ውስጥ ሰምቻለሁ። ኮምፓውንድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለመበደር ከምትበደሩት የሚበልጥ ንብረት ታስይዛላችሁ። 100 ዶላር ለመውሰድ ለምሳሌ 150 ዶላር የሚያወጣ ኢተር፣ የኢቴሪየምን ሳንቲም፣ ታስገባላችሁ። የኢተር ዋጋ ወርዶ ከተቀመጠው ወሰን ካለፈ ማስያዣችሁ ይወሰዳል። ማንም ደውሎ «ኧረ ጨምሩ» አይላችሁም። እኛ አገር ደግሞ መብራቱም ኔትወርኩም በፈለገው ሰዓት ይጠፋል። ዋጋ በሌሊት ሲወርድ ስልኬ ላይ ዳታ ይኖራል ብዬ አልተማመንም። ስለዚህ ከሙከራው ገንዘብ ላይ ማስቀመጥን ሞከርኩ፣ መበደርን አልነካሁም። ቴሌግራም ላይ «የዲፋይ ብድር እንሰጣለን፣ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ላኩ» የሚላችሁ ደግሞ ሌባ ነው። አለቀ።

ወደ ቶከኑ ልምጣ። ስሙ ኮምፕ ነው። ጠቅላላ ብዛቱ 10 ሚሊዮን ነው። ከጁን 2020 ጀምሮ ለሚያስቀምጡና ለሚበደሩ ሰዎች መታደል ጀመረ። በዚያ ክረምት ብዙ ሰው ቶከኑን ለመልቀም ብቻ ሲል ያስቀምጥም ይበደርም ነበር። ዋጋው በሜይ 2021 ከ900 ዶላር በላይ ወጣ። እኔ ሥራውን ስጀምር 50 ዶላር አካባቢ ነበር።

ቶከኑ የሚሰጠው ድምፅ ነው። የትኛው ንብረት ለማስያዣ ይሁን፣ ቀመሩ እንዴት ይስተካከል፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ኮምፕ ለምን ይዋል የሚለው በድምፅ ይወሰናል። ወለዱን የሚያገኘው ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰው ነው። ኮምፕ ገዝቶ ዋሌቱ ውስጥ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ወለድ ሳንቲም አይደርሰውም። ሌላም አለ። መድረኩን ለመጠቀም ኮምፕ መግዛት ጨርሶ አያስፈልግም። ይህንን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ ልጆች አሉ። ግማሾቹ «መግቢያ ቲኬት» ነው ተብለው ነው ሊገዙ የተነሡት።

አጎቴ አጋሮ አካባቢ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ናቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ምን እየሠራህ ነው ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስብሰባውን ነው።

«ሊቀመንበሩ ማነው?»

«የለውም አጎቴ።»

«ድምፅስ እንዴት ነው የሚሰጠው?»

«ሰው ባለው ቶከን ልክ ነው። ሺህ ያለው ሺህ ድምፅ አለው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ መቶ ኩንታል ያመጣው ሰውዬ ብቻውን ስብሰባውን ይበላዋል በለኛ» አሉ።

የእሳቸው ማኅበር ሌላ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ። ብዙ እሸት ቡና ያስገባም፣ ትንሽ ያስገባም እጁን አንዴ ነው የሚያነሣው። ትርፉ ሲከፋፈል ግን ብዙ ያስገባው ብዙ ያገኛል። ኮምፕ ይህንን ገልብጦታል። ድምፁን በመጠን ይሰጣል፣ ትርፉን አያካፍልም። የነገሩን ባሕርይ ካነበብኩት ሁሉ በላይ ያስረዳኝ ይህ የአጎቴ ጥያቄ ነው።

በራሴ ድምፅ ለመስጠት ሞክሬ ነበር። የሙከራው ገንዘብ ቤዝ በሚባለው ርካሽ መረብ ላይ ስለነበር፣ እዚያ ላስቀመጥኩበት ትንሽ ኮምፕ በሽልማት መልክ ይመጣ ነበር። ሳልገዛው ማለት ነው። ታዲያ ድምፅ መስጫው ቤዝ ላይ አይደለም፣ ዋናው ኢቴሪየም ላይ ነው። ኮምፑን ማሻገር ያስፈልጋል። በመረቡ በራሱ ብሪጅ (ማሻገሪያ) ከወጣ ደግሞ ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ቀጥሎ ድምፁን ለራስ ወይም ለሌላ ሰው መወከል አለ፣ ዴሌጌት ማድረግ የሚሉት። ሳይወከል ዋሌት ውስጥ የተኛ ኮምፕ አይቆጠርም። ለእያንዳንዱ እርምጃ ጋስ የሚሉት የመረቡ ክፍያ ይከፈላል። ደምሬ ሳየው ወጪው ከኮምፑ ዋጋ በለጠ። ተውኩት።

የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብማ ጭራሽ የሌላ ዓለም ነው። 25,000 ኮምፕ የተወከለለት ሰው መሆን ያስፈልጋል። በጊዜው ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የቀረበው ሐሳብ ሁለት ቀን ያህል ይጠበቅና ሦስት ቀን ያህል ድምፅ ይሰጥበታል። የደጋፊው ድምፅ ቢያንስ 400,000 መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላም ወዲያው አይፈጸምም። ሁለት ቀን ይቆያል። ይህቺን የመጨረሻ ሁለት ቀን ያዙልኝ።

ገጹን እየሠራሁ ሳለ ነው 289ኛው ሐሳብ የመጣው። ጎልደን ቦይስ የሚባል ቡድን ነው ያቀረበው። መሪያቸው ሃምፒ በሚል ስም የሚታወቅ ባለ ብዙ ቶከን ነው። ትክክለኛ ስሙን አልገለጸም። ከዚያ በፊት በ2022 ባላንሰር የሚባለው መድረክ ላይም በድምፅ ብዛት ውዝግብ አስነሥቶ ነበር። ሐሳቡ 499,000 ኮምፕ ከኮምፓውንድ ካዝና ወጥቶ ቡድኑ ራሱ ወደሚያስተዳድረው ጎልድኮምፕ ወደሚባል ቦታ ይግባ፣ እዚያ ትርፍ ያመጣል የሚል ነው። 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከጠቅላላው ኮምፕ አምስት በመቶ ማለት ነው። ቀደም ሲል ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበው አልተሳካላቸውም። የመድረኩን ደኅንነት የሚከታተሉ ባለሙያዎች «ይህ ቶከን ከገበያ እየሰበሰቡ ካዝና መውሰድ ነው» ብለው ሲያስጠነቅቁ ከርመዋል።

ድምፁ የተዘጋው እሑድ ጁላይ 28 ነው፣ በእኛ ሐምሌ 21። የጅማ ሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ መብራት የለም። በስልክ ዳታ ነበር የምከታተለው። ለረጅም ጊዜ ተቃዋሚው ያሸንፋል ብዬ ነበር። ውጤቱ 682,191 ድጋፍ፣ 633,636 ተቃውሞ ሆነ። አለፈ።

ቁጥሮቹን ቀስ ብላችሁ እዩአቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ10 ሚሊዮኑ ውስጥ ከስምንት አንድ ያህል ብቻ ድምፅ ሰጥቷል ማለት ነው። የቀረው የክሪፕቶ ልውውጥ ድርጅቶች ውስጥ ተኝቷል፣ ካዝና ውስጥ ነው፣ ወይም ባለቤቱ ግድ የለውም። ልዩነቱ ከ50,000 በታች ነው። 24 ሚሊዮን ዶላር ለማዘዝ የመድረኩን ግማሽ መግዛት አላስፈለገም። ሌላው ሰው እንዳልመጣ ማወቅ በቃ። እሑድ መሆኑም ሳይጠቅማቸው አልቀረም ባይ ነኝ። ሕግ ጥሰዋል ወይ? ደንቡ የፈቀደውን ነው ያደረጉት፣ ቶከን ገዙ፣ ድምፅ ሰጡ። ጥቃት ነው የሚሉም፣ ሕጋዊ ድል ነው የሚሉም አሉ። እኔ ስለ ስሙ አልከራከርም። ትንሽ ኮምፕ ይዞ ከጎን ለሚመለከት ሰው ውጤቱ ያው ነው።

ያቺ የሁለት ቀን ቆይታ ያዳነችው እዚህ ጋ ነው። ገንዘቡ ወዲያው ስላልወጣ ለድርድር ጊዜ ተገኘ። ሃምፒ ውሳኔው እንዲሰረዝ ተስማማ። በምትኩ ከመድረኩ ገቢ የተወሰነው ኮምፕ ላስቀመጡ ሰዎች የሚደርስበት አሠራር እንዲታሰብ ሐሳብ ቀረበ። 499,000ው ኮምፕ ከካዝናው ሳይወጣ ቀረ።

ቆይታ የሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆን በኤፕሪል 2022 ቢንስቶክ በሚባል ሌላ የዲፋይ መድረክ ላይ ታይቷል። አንድ ሰው ሐሳቡን ቀን ቀደም ብሎ አስገባ። በማግስቱ በፍላሽ ሎን፣ ማለትም በዚያው ቅጽበት ተበድሮ በዚያው ቅጽበት በሚመለስ ግዙፍ ብድር፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያዘ። ራሱ አጸደቀው፣ ካዝናውን አራግፎ ብድሩን መለሰ። መድረኩ 182 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰረ። ሁሉም ነገር ደንቡን ተከትሎ ነው የተፈጸመው። የሚገርመው፣ ለዩክሬን 250,000 ዶላር የሚለግስ ሐሳብም አብሮ አስገብቶ ነበር። ኮምፓውንድ ላይ ይህ አይሠራም፣ ምክንያቱም ድምፁ የሚቆጠረው ምርጫው ሲጀመር በነበረው ይዞታ ነው። አሁን የተበደርከው አይቆጠርልህም።

ቆይታው ግን ሁሌ ወዳጅ አይደለም። በሴፕቴምበር 2021 የኮምፓውንድ 62ኛ ሐሳብ ጸድቆ ሥራ ላይ ሲውል ኮዱ ውስጥ ስሕተት ተገኘ። ለአንዳንድ ተጠቃሚዎች የማይገባቸው ኮምፕ ይታደል ጀመር። መጀመሪያ ለአደጋ የተጋለጠው ብቻ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሁሉም ያያል፣ ማንም ማቆም አይችልም። ለማቆምም ሐሳብ ቀርቦ፣ ድምፅ ተሰጥቶ፣ ተጠብቆ ነው። ሳምንት ያህል ማለት ነው። ሌሽነር የደረሳቸውን እንዲመልሱ ለመነ፣ 10 በመቶውን ለራሳችሁ ያዙ አለ፣ ካልመለሳችሁ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ገቢ ተብሎ ይመዘገባል ብሎም አስፈራራ። ግብር የማይከፈልበት ነፃ ዓለም ነው ሲባል ለከረመ ነገር ይህ መልስ አስቂኝ ነበር። ብዙ ተወቀሰበት።

289ኛው ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ ጁላይ 29፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ 74 ገባ። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስልኬም አላረፈም። «ብር ወረደ፣ እንግዲህ ኮምፕ ልግዛ?» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ብር ወረደ ማለትና ኮምፕ ይወጣል ማለት ምን አገናኛቸው? ኮምፕ ራሱ በዶላር ሲቆጠር ከ900 ወደ 50 የወረደ ነገር ነው። ከብር የሸሸ ሰው ወደዚህ መሮጡ አይገባኝም።

ሕጉንም ሳልናገር አላልፍም። ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አስታውቋል። ሰው በግል ገንዘብ ተለዋውጦ ቢጭበረበር የሚከስበት መንገድ ጠባብ ነው። በብር እየከፈላችሁ ከማታውቁት ሰው ቶከን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይህንን አስቡ።

አሁንም ለማወቅ ለሚፈልግ፣ እኔ አዲስ ገቨርናንስ ቶከን ስመለከት ከዋጋው በፊት የማየው ይዞታውን ነው። ኢተርስካን በሚባለው፣ ኢቴሪየም ላይ ያለውን መዝገብ በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ የቶከኑን ገጽ ስትከፍቱ ባለይዞታዎቹ በቅደም ተከተል ይወጣሉ። የላይኞቹ አሥር ስንት በመቶ ይዘዋል? ከእነሱስ የመሥራቾቹና የባለሀብቶቹ ስንት ነው? የልውውጥ ድርጅት አድራሻ ከሆነ የብዙ ሰው ገንዘብ ነው፣ አትደናገጡ። ቀጥዬ ያለፉትን ድምፆች አያለሁ። በእያንዳንዱ ስንት ሰጡ? ሁለት ሦስት አድራሻ ብቻ የሚወስንበት ከሆነ «ያልተማከለ» የሚለው ቃል ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የቆይታ ጊዜ አለው ወይ? ካለው ማን ሊሰርዝ ይችላል? የመጨረሻው ጥያቄ፣ ቶከኑ ከመድረኩ ገቢ ላይ የተጻፈ ድርሻ አለው ወይስ «ወደፊት ይኖረዋል» ነው? «ወደፊት» የሚለውን እኔ ዜሮ ብዬ ነው የምቆጥረው።

የምትገቡበትን ገጽም ጠንቀቅ በሉ። በዚያው ጁላይ 2024፣ ከ289ኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ የኮምፓውንድ ድረ ገጽ አድራሻ ተጠልፎ ነበር። ስማርት ኮንትራቱ አልተነካም፣ ያስቀመጡት ሰዎች ገንዘብ ደህና ነበር። ትክክለኛውን አድራሻ የጻፈ ሰው ግን ሌቦች ወደ ሠሩት ገጽ ይወሰድ ነበር። እዚያ ዋሌቱን አገናኝቶ አንድ ፈቃድ ከፈረመ ያለውን ይጠርጉበታል። ድረ ገጽ ሠሪ ስለሆንኩ ይህ ከሁሉም በላይ ነው የሚያስፈራኝ። የአድራሻው ፊደል ትክክል መሆኑ ብቻ በቂ አልነበረም። ዋሌታችሁ ምን እየፈረማችሁ እንደሆነ ሲያሳያችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን አትፈርሙ። አሥራ ሁለቱን የሚስጥር ቃላት ደግሞ ለማንም፣ ለ«ድጋፍ ሰጪ» ነኝ ባይም ቢሆን፣ አትስጡ። ሳትጠይቁ ዋሌታችሁ ውስጥ የገባ «የነፃ ኮምፕ» ቶከን ካያችሁ አትንኩት። ሽጡኝ ብሎ የሚወስዳችሁ ገጽ ነው ወጥመዱ።

ድምፆቹን ለማየት የገቨርናንስ ድምፆችን የሚያሳይ ድረ ገጽ ይበቃል። ኮምፓውንድን ፈልጉና የ289ኛውን ገጽ ክፈቱ። ማን ስንት ድምፅ ለየትኛው ወገን እንደሰጠ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ለማየት ብቻ ከሆነ ዋሌት ማገናኘትም፣ መመዝገብም፣ መክፈልም አያስፈልግም።